«ልጄን ለበንቲ የልጅ ልጅ አልድርም!»

«አልሰጥም ብያለሁ... አራተኛም ብትመጡ መልሴ ይኸው ነው!»

ሽማግሌዎቹ ገና አልተቀመጡም። ሞልቱ ግን በሩን ከፍቶ ይዞላቸዋል... ለመውጫ።

«ኧረ ቢያንስ ውሃ አጠጣን» አሉ የሰፈሩ ባለሱቅ ጋሽ ሸምሱ። «ከጋርመንት እስከዚህ በእግራችን ነው የመጣነው። ታክሲ እንዳንይዝ ሾፌሩ አንተ ሆንክብን።»

ሞልቱ አልሳቀም።

ከሀይሌ ጋርመንት ጀሞ ሚኒባስ ይነዳል። ከአስራ አምስት ዓመት በፊት ግን ገበሬ ነበር። ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል።

ያኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በንቲ ይባል ነበር። «ገበሬው ተስማምቷል» የሚለው ወረቀት ላይ አሻራውን ያሳረፈው እሱ ነው ተባለ። አስራ ሰባት ቤተሰብ ሳይጠየቅ ከመሬቱ ተነሳ።

አሁን የበንቲ የልጅ ልጅ ፍሮምሳ የሞልቱን ልጅ አያንቱን ሊያገባ ሽማግሌ ይልካል... ይኸው ሦስተኛ ጊዜ።

«አባ፣ ያኔ እኮ ፍሮምሳ አምስተኛ ክፍል ነበር» አለችው አያንቱ፣ ሽማግሌዎቹ እንደወጡ።

«ደሙ ያው ነው።»

«ደሙ ምን አደረገህ?»

«ወረቀት አለ። ወረቀቱን አመጣና የማንን ቤት ልትገቢ እንደሆነ ታያለሽ!»

በማግስቱ ወረቀቱን ፍለጋ የመሬት ቢሮ ሄደ።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ቀመሪያ ቀና ብላ አየችው። «አባቴ፣ የዛን ጊዜ ፋይል ምድር ቤት ነው ያለው። ሐሙስ ይምጡ።»

ሐሙስ ሄደ... ሰኞ ተባለ።

ሰኞ ሄደ... መብራት የለም ተባለ።

መኪናውን እያቆመ አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ቤት ሲገባ አያንቱ ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች። አብራው መብላት አቁማለች።

በአምስተኛው ምልልስ ቀመሪያ አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ዘረጋችለት። መነጽሩን አደረገ።

«ሰብሳቢው አቶ በንቲ ጉደታ አልስማማም ብለው ስብሰባውን ጥለው ወጥተዋል። በእሳቸው ምትክ ምክትል ሰብሳቢው አቶ ኢፋ ኮርሳ አሻራቸውን አስቀምጠዋል።»

ኢፋ ኮርሳ... የሞልቱ አባት።

«ሌላ ወረቀት የለም?» አላት።

«ምን ሌላ አለ? ቃለ ጉባኤው ይኸው ነው።»

«የተሳሳተ ይሆናል... እስኪ ፈልጊ።»

«አባቴ፣ አሻራውን አያዩትም?»

አየው። ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተከፈለ አውራ ጣት ነው። ኢፋ ጣቱን ማጭድ ቆርጦት ነበር። ያንን ጠባሳ ሞልቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ኮፒ አስደርጎ ወጣ። ለማንም አልተናገረም።

አራት ቀን ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነዳ። ሊቀደው ይችል ነበር። አባቱ ሞቷል፣ በንቲም ሞቷል... ማን ይጠይቀዋል?

እሁድ ጠዋት ራሱ ሽማግሌዎቹን አስጠራ።

«የሴት አባት ሽማግሌ ሲጠራ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ ጋሽ ሸምሱ ሲገቡ። «ወይ ዘንድሮ!»

በዚህ ጊዜ ተቀመጡ። አያንቱም እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሞልቱ ወረቀቱን አውጥቶ ቃል በቃል አነበበ። የአባቱንም ስም አልዘለለም።

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ እናውቃለን።»

«ምን አሉ?»

«ስብሰባው ላይ ነበርኩ። በሳምንቱ አባትህ በንቲ ቤት ሄዶ አለቀሰ። በንቲም ‹ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ፣ ይስደቡኝ። አንተ ከልጆችህ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖረው፣ እነሱ አይወቁብህ› አለው። ለልጅ ልጁ ይተርፋል ብሎ አላሰበም።»

«ፍሮምሳስ ያውቃል?»

«አያቱ ሳይሞት ነግሮታል።»

«ታዲያ ሦስት ጊዜ ሳባርራችሁ ለምን ዝም አላችሁ?!»

«እሱ ነዋ ዝም በሉ ያለን! ‹አባቷን አዋርጄ እሷን አላገባም› አለ።»

አያንቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሞልቱ ወረቀቱን አጣጠፈው። «በእኔ ፍርድ ከሄድን እንግዲህ... አያንቱንም የሚያገባት አይኖርም።»

«እሱን ተወው» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ሰጠኸን ወይስ አልሰጠኸንም? እግሬን አሞኛል።»

«ሰጥቻለሁ። ግን መጀመሪያ ልጁን ጥሩልኝ። ይቅርታ ልጠይቀው።»

«ስለ አባትህ ነው? አንተ መቼ ፈረምክ?»

«ስለ አባቴ አይደለም። የበንቲን ሰላምታ እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳልመልስ ኖሬያለሁ። ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ... አባቴ አይደለም።»

.

.

መሬቱ አልተመለሰም። አስራ ሰባቱ ቤተሰቦችም መነሳታቸው እውነት ነው። ይህ ታሪክ ያንን አይለውጠውም።

ነገር ግን ያ ወረቀት ላይ የሞልቱ እጅ የለበትም... የፍሮምሳም የለበትም። የአባቶቻችንን ጥፋት አውቀን እውነቱን መናገር አለብን። በደለኛ የሚያደርገን ግን እኛው በራሳችን እጅ የሠራነው ነው። ሞልቱ በንቲንና የልጅ ልጁን ሲከስ፣ የራሱን ጥፋት ሳያይ አስራ አምስት ዓመት አለፈው።

እናንተ ሞልቱን ብትሆኑ ወረቀቱን ለሽማግሌዎቹ ታነቡት ነበር... ወይስ ኪሳችሁ ውስጥ ይቀር ነበር?

እውነቱን ጻፉልን። 👇