ያልተገኘው መጥሪያ

ወይዘሮ አፀደ መጥሪያውን መፈለግ የጀመሩት ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ሀና ማርያም የሚኖሩበትን ግቢ የሟች ባላቸው ወንድም ቀጄላ «የአባቴ ይዞታ ነው» ብሎ ከሷቸው ነበር። እሳቸው ክስ መኖሩንም አላወቁም። ጉዳዩ በሌሉበት ታየና ግቢው ለቀጄላ ተፈረደ። መዝገቡ ውስጥ የመጥሪያ አድራሽ ቃለ መሐላ አለ፤ ሰኔ አራት ቀን ለራሳቸው፣ በእጃቸው ተሰጥቷል ይላል።

ሰኔ አራት እህታቸው በሞተች በሦስተኛው ቀን ነበር። ድንኳኑ እዚያው ግቢ ተተክሎ፣ ለቀስተኛው ሲገባ ሲወጣ ነው የዋለው።

«ያን ቀን ስንቱ እጄን ይዟል!» አሉ ወይዘሮ አፀደ። «ማን ምን እንዳስያዘኝ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ ልንገርሽ፣» አለች ጎረቤታቸው ገበያነሽ። «አጠገብሽ ተጎልቶ የዋለው ማን ነው? ቀጄላ አይደል? ከጭንሽ ላይ አንስቶ ኪሱ ከቶታል። ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚሰርቅ ሌባ እሱን ብቻ አየሁ!»

ትሕትና አንገቷን ደፋች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ጎፋ የምትኖር ዓይነ አፋር ልጅ ናት። ወይዘሮ አፀደ የሚያውቋት ከዚያው ለቅሶ ነው፤ ከኋላ ተቀምጣ፣ ንፍሮዋን በእፍኟ እንደያዘች ከቤተሰቡ እኩል አልቅሳ ሄደች። ለቅሶ ላይ የማን ነሽ አይባልም። ፍርዱ በተሰማ ሰሞን ተመልሳ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት የምታነብላቸው እሷ ናት።

«መሐላው ላይ የማን ስም አለ?»

«ፊርማ ነው እማማ። አይነበብም።»

አብረው ፈለጉ። ፍራሽ ገለበጡ፣ የሟቿን ሻንጣ አራገፉ፣ ዳዊቱን ቅጠል በቅጠል ገለጡ። ወይዘሮ አፀደ ምስር እየለቀሙ ድንገት ይነሱና ሲፈትሹት የዋሉትን ቁም ሣጥን እንደገና ይከፍታሉ። እያደር ወረቀቱ ይታያቸው ጀመር።

«ሁለት ላይ የታጠፈ ነው አይደል? ማኅተሙ ሰማያዊ?»

«አዎ፣» አለች ትሕትና።

«አየሽ! እጄ ያስታውሰዋል።»

ቀጄላ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመ። «ግቢውን ከስሻለሁ፤ አልካድኩም። ወረቀት ግን በእናቴ አላየሁም!» አለ። ገበያነሽ የእጅ ማጠቢያ ውኃ ወደ እግሩ ደፋችበት።

አንድ መንገድ ቀርቶ ነበር። ወይዘሮ አፀደ ፍርዱን ባወቁ በአንድ ወር ውስጥ መጥሪያው እንዳልደረሳቸው በመሐላ ካመለከቱ መዝገቡ እንደገና ሊከፈት ይችላል። ማመልከቻውን ትሕትና ጻፈችው። በመጨረሻው ቀን ሦስቱም ፍርድ ቤት ሄዱ።

«መጥሪያው አልደረሰኝም ብለው ይምላሉ?» አላቸው ጸሐፊው።

ወይዘሮ አፀደ መዳፋቸውን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እርግጠኛ ያልሆንኩበትንማ አልምልም፣ ልጄ። ያ ሰው እግዚአብሔርን ጠርቶ ሰጥቻታለሁ ካለ፣ እኔ በምን አፌ ዋሽቷል ልበል?»

ትሕትና ማመልከቻውን ሁለት ላይ አጠፈችው።

«አንቺ ሞኝ!» ጮኸች ገበያነሽ። «ቀጄላ ቢሆን አሥሬ ይምል ነበር እኮ!»

«እሱ ይማል። ቤቴን ቢወስድ ነፍሴን አልጨምርለትም።»

ሰዓቱ አለፈ፤ ቢሮው ተዘጋ።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት ሆነው። ወይዘሮ አፀደ አሁን መካኒሳ አቦ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ሀና ማርያም ላይ ቀጄላ ሲያልፍ ሴቶቹ ዛሬም ፊታቸውን ያዞራሉ። ትሕትና እሑድ እሑድ ትመጣለች። አሮጊቷ ገና ከበር ሲያዩዋት፣ «ዛሬ ደግሞ ከአልጋው ሥር እንይ፣» ይሏታል፤ እሷም ትንበረከክና እጇን ሰድዳ ባዶውን ወለል ትዳብሳለች።

ትሕትና እኔ ነኝ፤ ድንኳን ውስጥ ለሐዘንተኛ መስጠት አፍሬ ይዤው የተመለስኩትን መጥሪያ፣ ሰጥቻለሁ ብዬ የማልኩት።