በመዳፉ ሥር

«በዚህ ዕድሜው በአሻንጉሊት ወታደር ይጫወታል?» ስለ እሱ ያለችው የትኛዋ ጎረቤት እንደነበረች ይገዙ ዘንግቶታል። ከአጥሩ ወዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመለሱላት ግን እትዬ ትርንጎ ነበሩ። «ተይው እቴ፣ እሱስ በብረት ነው የሚጫወተው፤ በሰው ልጅ አይደል።»

ከዓመታት በኋላ እኚሁ እትዬ ትርንጎ የመድኃኔዓለምን ዳቦ ይዘው ሳያንኳኩ ገቡበት። አንድ ልጃቸው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ታፍሶ ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ይገዙ ደግሞ ወድቆ እንደተዘረረ ሆኖ የተሠራውን አሮጌ የብረት ወታደር፣ ደረቱን በቀይ ቀለም እየቀባ ነበር። ደንግጦ በመዳፉ ከደነው።

«እንካ፣ ቅመስ» አሉት። ጸበል ጸዲቅ በአንድ እጅ አይቀበሉም። ሁለቱንም ሲዘረጋ መዳፉ ቀልቷል፤ ወታደሩም ጠረጴዛው ላይ ተጋልጦ ቀረ።

እትዬ ትርንጎ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«ደክሞት… ተኝቶ ነው፣ እትዬ።» ውሸቱ ፊቱን አጋለው።

እሳቸውም መዳፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና ዳቦውን አስቀመጡበት። «ከተኛማ ደሙን አጥፋለት። ብርድ ልብስ ሳልለት፤ እዚያ ይበርዳል።»

«እሺ» አለ ይገዙ፣ ቀና ብሎ ሊያያቸው ሳይችል። «አለብሰዋለሁ።»