ሦስተኛው ጥሪ

«ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር! አንድ ጊዜ!»

ዮርዳኖስ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆማለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የሐራጅ ጥሪ ልምምድ ስትጀምር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዋጋውን የሰጠችው ሻሺቱ ናት። ቤቱ የአባቷ ነው። አባቷ ሲሞቱ ወንድሟ ካሱ ድርሻውን በገንዘብ ጠየቀ፤ መስማማት ስላልቻሉ ፍርድ ቤት ቤቱ በሐራጅ ይሸጥ አለ። አልጋ ላይ የዋሉትን አባቷን አሥራ አንድ ዓመት ያገላበጠችው እሷ ናት። ካሱ ዛሬ ከሐዋሳ መጥቶ፣ ግቢው በር ላይ መኪናውን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

ጠዋት፣ ተጫራቾቹ ሳይመጡ፣ ሻሺቱ ዮርዳኖስን ወጥ ቤቱ ጀርባ ወስዳት ነበር። «ልጄ፣ ድርሻዬንም፣ ዕቁቤንም፣ ዘመድ ያዋጣልኝንም ደምሬ አቅሜ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ነው። ከዚያ በላይ ቤሳ የለኝም። እዚያ ላይ ስደርስ ቶሎ በይልኝ።»

«እሺ እትዬ» አለቻት ዮርዳኖስ። ከልቧ ነበር።

አሁን ሻሺቱ እዚያ ላይ ደርሳለች። ግቢው መሃል ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የዮርዳኖስን አፍ ታያለች።

የቀረው ተጫራች አንድ ነው፤ ሲቀላ ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው አቶ ክብሩ። ደክሞታል። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቷል፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወደ በሩ ያያል። ሁለት ቃል ነው የቀረው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ማንጎው ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ጋሽ ሀብተወልድ ተቀምጠዋል። ለሃያ ስድስት ዓመት ሐራጅ ጮኸዋል፤ ካምባ ላይ በሬ፣ ገረሴ ላይ ወፍጮ፣ እዚህ ሴቻ ላይ ስንት ቤት ሸጠዋል። «ሰው አትዪ፣ እጅ እዪ» ብለው ነው ያስተማሯት። «በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥሪ መሃል ያለችው ዝምታ ደግሞ የእኛ ናት። እንጀራችን እሷ ናት።» ዛሬ ፈተናዋ ነው። ካለፈች ትቀጠራለች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የጓደኛዋን ፍራሽ መጋራት ሰልችቷታል።

ጋሽ ሀብተወልድ ሻሺቱንም ክብሩንም አያዩም። የሚያዩት እሷን ነው።

«ሁለት ጊዜ!» ትላለች ዮርዳኖስ።

ሦስተኛውን ልትል አፏን ትከፍታለች። የሚወጣው ግን ሌላ ነው።

«አቶ ክብሩ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ይበሉ። ከዚህ በረንዳ አባያም ጫሞም ይታያሉ። ሴቻ ውስጥ ሁለቱንም የሚያሳይ በረንዳ ስንት አለ? የቤቱ ባለቤት ሊሞቱ ሲሉ እንኳ አልጋዬን ወደ ሐይቁ አዙሩልኝ ብለዋል። ሊሞት ያለ ሰው ያልጠገበው እይታ ነው።»

ይህን የነገረቻት ሻሺቱ ናት። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ለሐራጁ ሲመዘግቡ፣ አልጋው የነበረበትን ቦታ በእግሯ እያሳየች፣ እያለቀሰች።

ክብሩ ዞር ይላል። ስንጥሩን ከአፉ ያወጣል። ቁልቁል፣ ከጫካው ባሻገር፣ አንዱን ሐይቅ ያያል፤ ከዚያ ሌላውን። ዮርዳኖስ ዝም ትላለች። ግቢው ሁሉ ትንፋሹን የያዘው እሷ ስለያዘች እንደሆነ ይገባታል፤ ደስም ይላታል። መደሰቷን ማንም እንዳላየባት ተስፋ ታደርጋለች።

«ሁለት ተኩል» ይላል ክብሩ።

ሻሺቱ ወደ ክብሩ አትዞርም። «ልጄ» ትላለች ብቻ።

«እትዬ፣ ይጨምራሉ?»

ዮርዳኖስ እንደተማረችው ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። «ሰው እየጠበቀ ነው። ይጨምራሉ ወይስ አይጨምሩም?»

ሻሺቱ ወደ በሩ ትዞራለች። «ካሱ» ትላለች፣ «አንተ ብቻ ታገሠኝ። የጎደለውን እከፍልሃለሁ። አባባ እዚህ ነው የሞተው።»

«እኔ ምን ላድርግ? ሕግ ነው» ይላል ካሱ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ሁለት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ! አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ዮርዳኖስ አሁን አትቆይም። «ሦስተኛና የመጨረሻ ጊዜ! ተሸጠ!»

ክብሩ ሊፈርም ይሄዳል። ካሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ጋሽ ሀብተወልድ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀስ ብለው ወደ ደረጃው ይመጣሉ።

«ጠዋት ወጥ ቤቱ ጀርባ የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ» ይሏታል፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ቶሎ ብለሽ ጨርሰሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አሰናብትሽ ነበር። ሰኞ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ፣ ውል ትፈርሚያለሽ።»

«እሺ ጋሼ» ልትል ትፈልጋለች። ግን ሳል ይቀድማታል። ሳሉ አላቆም ይላታል።

ሻሺቱ ቤት ገብታ ትወጣለች። ወደ ደረጃው ስትመጣ ዮርዳኖስ ልትሰድበኝ ነው ብላ ትጠብቃለች፤ እንዲያውም ብትሰድባት ትወዳለች። ሻሺቱ ግን በሁለት እጇ የያዘችው አንድ ብርጭቆ ውኃ ነው።

«ስትጮኺ ቆይተሻል» ትላታለች። «ጠጪ።»

ዮርዳኖስ ትቀበላለች። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ትጠጣለች፤ ግማሹ ላይ ልታቆም ትሞክርና አትችልም፤ እስከ ታች ትጨልጠዋለች።

ሻሺቱ፣ እንግዳ እስኪጨርስ እንደሚጠበቀው፣ ባዶውን ብርጭቆ ለመቀበል እጇን ዘርግታ ቆማለች።