ድነሃል

ሐኪሙ መርዕድን «ድነሃል፤ ነገ ወደ ዞን ሦስት ትመለሳለህ» ብሎት ከእስር ቤቱ የሕሙማን ክፍል ወጣ። እዚያ እሱ የመሰከረባቸው ሰዎች ሊያርዱት ዝተው ይጠብቁታል።

በሩ እንደተዘጋ ከጎኑ የተኛው ኦላና ተነስቶ የብረት ምርኩዙን አሳረፈበት። የመርዕድ ቀኝ ክንድ ቋ ብሎ ተሰበረ። ሲወድቅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኦላና ደገመው።

ዋርዲያዎቹ ገብተው ኦላናን በዱላ ቀጠቀጡት። «አንድ ወር ጨለማ ቤት!» አለ አለቃቸው። ተጠርቶ የተመለሰው ሐኪም የመርዕድን ክንድ ዳስሶ፣ «ይሄ ሰው ሁለት ወር ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለ።

ኦላናን እየጎተቱ በአጠገቡ ሲያሳልፉት መርዕድ አንሾካሾከ፦

«ግራውን አልነበር እንዴ የተባባልነው? አሁን ለእናትህ ደብዳቤ ማን ይጽፍልሃል?»