ከወንዙ በላይ ያለው አዳራሽ

አስጎብኚዋ ሶሌን የጥንቱን ግንብ ምድጃ በጣቷ እያሳየች፣ መስፍኑ በዚህ ክፍል ውስጥ በገዛ ወንድሙ ጩቤ እንዴት እንደወደቀ ለጎብኚዎቹ ስትተርክ ሉዶቪክን አየችው። ከአሥራ አንዱ ሰዎች ጀርባ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እንደማንኛውም ጎብኚ ቲኬቱን ቆርጦ ነው የገባው።

ከተፋቱ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል። ፍርድ ቤት አጠገቧ እንዳይደርስ ከልክሎታል። አንደበቷ ግን በልማድ ቀጠለ። ስለ መስፍኑ፣ ስለ ጩቤው፣ ደሙን ስላጠቡት ገረዶች።

ሉዶቪክ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ሚስትየውስ? ነገሩን ያመጣችው እሷ ነች አሉ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሶሌን ስለ ሚስትየው የተጻፈ ነገር እንደሌለ መለሰችለት። መጮህ ትችል ነበር፤ አፈረች። ከክፍሉ ቀጥሎ ካለው ረጅም አዳራሽ ማዶ ጥበቃዎች አሉ፤ ቢበዛ ሰባ እርምጃ ነው። ጎብኚዎቹን አስከትላ ወደዚያው አመራች።

አዳራሹ ከሎዋር ወንዝ በላይ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመ ነው። መስኮቶቹ ተከፍተው የውሃው ድምፅ ይሰማል። ግማሹን እንዳለፈች ሉዶቪክ ፀጉሯን ከኋላ ጨምድዶ ያዘና ከመስኮቱ ድንጋይ ጋር አጋጫት። ደገማት። ግንባሯ ተተረተረ።

«ሰው ፊት ሲሆን ወሬ ታውቂበታለሽ» አለ ቀስ ብሎ። «እስቲ አሁን ተርኪያ።»

ማንም አልተነቃነቀም። አንዱ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ሶሌን ልትጮህ ስትል በሌላው እጁ አፏን አፈናት፤ አውራ ጣቱ ጥርሶቿ መሐል ገባ። ነከሰችው። ቆዳው ተበጠሰ፤ ጥርሷ አጥንት ላይ ደረሰ። ፀጉሯን ለቆ ጆሮ ግንዷን በቡጢ ደጋገመው። አልለቀቀችም።

መጀመሪያ የደረሱላት ማዳም ብሬሹ ናቸው፤ ከጎብኚዎቹ አንዷ፣ ከአንዤ ከተማ የመጡ፣ ሰባን ያለፉ ዓሣ ሻጭ። በከዘራቸው ጉልበቱን ቢሉት ተንበረከከ። ይህን ጊዜ ሌሎቹም ነፍስ ዘሩ፤ አራት ሆነው ወለሉ ላይ ደፈጠጡት። ሶሌንም አብራ ወደቀች፤ ጣቱ ገና አፏ ውስጥ ነው።

«ልጄ፣ ይዘነዋል። በቃ ልቀቂው» አሏት አሮጊቷ።

ትሰማቸዋለች። መንጋጋዋ ግን እምቢ አላት።

«እባክሽ» አለ ሉዶቪክ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። «ሶሌን፣ እባክሽ።»

ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። ዓይን ዓይኑን እያየች እስኪደግመው ጠበቀች። ደገመው። ያኔ አፏን ከፈተች።

ጥበቃዎቹ ጎትተው ሲወስዱት ማዳም ብሬሹ የአንገት ልብሳቸውን ፈተው ግንባሯ ላይ ጫኑላት፤ ደግፈውም መስኮቱ ጋ አስቀመጧት። ከታች አንዲት ጀልባ ከቅስቱ ሥር ብቅ አለች። የተሳፈሩት ሰዎች ቀና ብለው አዩዋትና እጃቸውን አውለበለቡላት። ሶሌን ግንባሯን ይዛበት የነበረውን፣ እስከ ክርኗ ደም የወረደበትን እጇን አነሳችላቸው።