የሶይቢ አፍ መፍቻ

ሶይቢ ሆርስፎል ከእንግሊዝኛ በስተቀር ሌላ ቋንቋ አታውቅም። ፖርት ሃርኮርት ተወልዳ፣ ፖርት ሃርኮርት አድጋ፣ ከገዛ አያቷ ጋር የምታወራው በአስተርጓሚ ነበር። እንዲህ ያደረጓት እናቷ ወይዘሮ ዳቦታ ናቸው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበሩ የአገሩን ቋንቋ ካላባሪንም ሆነ የገበያውን ቅይጥ እንግሊዝኛ፣ ፒጅንን፣ ከደጃፋቸው አላሳልፍም አሉ። ልጅቷ ከጎረቤት በቀሰመችው ካላባሪ ውሃ ከጠየቀች፣ በእንግሊዝኛ እስክትደግመው ድረስ አትጠጣም። በሰፈሩ ልጁን እንዲህ የሚያሳድግ ወላጅ ይከበራል።

ሶይቢ ነርስ ሆነች። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ሆስፒታል ቀጠራት፤ ቦታውንም እስከ ወሩ መጨረሻ ሊያቆይላት ተስማማ። የቀራት እንግሊዝኛ መቻሏን በፈተና ማስመስከር ብቻ ነበር። በንግግር ከዘጠኝ ሰባት ካላመጣች ጉዞው ቀረ።

"የቤተሰቤ ስም እንኳ እንግሊዝኛ ነው" አለቻት የፈተና ጣቢያውን መዝጋቢ። "የምቆጣውም የማልመውም በእንግሊዝኛ ነው።"

"ሕልምሽን ገብተን አናይልሽ፣ እህቴ" አለች መዝጋቢዋ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል። "ቀጥሎ ያለው ይምጣ።"

ፈታኙ አቶ ዎኮማ ሆነው ተገኙ። ድሮ ከእናቷ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ወይዘሮ ዳቦታ በመምህራን ስብሰባ መሀል እንግሊዝኛቸውን ስላረሟቸው፣ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ሶይቢን እንደማያውቋት ሆኑ። መቅረጫውን ከፍተው ስላደገችበት ቤት እንድትነግራቸው ጠየቋት።

ነገረቻቸው። ሁለት ሰው ብቻ የሚኖርበት ቤት እንደነበር፣ እናቷ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት እንደነበር፣ ከዚያ ቤት ከመውጣት በቀር ተመኝታ የምታውቀው ነገር እንዳልነበር። አጠር አጠር አድርጋ ነው የተናገረችው። ስትናገርም ምንም አልተሰማትም፤ የሌላ ሰው ቤት የምታስረዳ ያህል ነበር።

ስድስት ተኩል አመጣች።

"ይሄማ የዎኮማ ሥራ ነው" አሉ ጎረቤታቸው ፓፓ ኢዮዋሪ፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው። "በእናትሽ የቋጠረውን ቂም ባንቺ ተወጣው። እኔ ልንገርሽ፣ ነርሷ፣ ሰውየው ሲያዩት ያስታውቃል።"

ወይዘሮ ዳቦታ ፊታቸው ገረጣ። "አቤት በዪ" አሏት። "እኔ ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ስድስት ተኩል አይደለም።"

ሶይቢ በማግስቱ ሄዳ አቤት አለች።

"የተቀረጸው ድምፅሽ ለሌላ ሰው ይላካል" አለቻት መዝጋቢዋ። "ስምሽን አያይም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚደርሰው። ከየት አገር እንደሚሆን እኛም አናውቅም። የሚያውቅሽ ሰው እጅ ከገባም ሳይነካው ይመልሳል፤ ሕጉ ነው።"

"ዎኮማ ደውሎ ቢነግረውስ?"

"ለማን ብሎ ይደውላል?"

ስትመለስ አቶ ዎኮማን ባጃጅ ሲጠብቁ አገኘቻቸው። መሻገሪያ አጡ።

"ጌታዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አለቻቸው።

"ቁጥብ ነሽ። የተናገርሽው ትንሽ ነው፤ በትንሽ ነገር ሰባት መስጠት ከበደኝ" አሉ። "ሌላ ጆሮ ሲሰማው ከፍ ያደርገው ይሆናል። ቢያደርገው ደስ ይለኛል።"

ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ደስ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። ሶይቢ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ስልኳን ታያለች። ወይዘሮ ዳቦታ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የጓሮውን ክፍል ዘግተው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ቴሌቪዥን መክፈት ክልክል ነው። ሰፈሩ ስብከት የሚሰሙ ይመስለዋል። ሶይቢም ጠይቃ "የትምህርት ነገር ነው" ከተባለች ወዲህ ደግማ አልጠየቀችም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ዳቦታ ከክፍሉ ገና በጊዜ ወጡ። ራሴን አሞኛል ብለው እራት ሳይበሉ ተኙ። ሶይቢ እግራቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችላቸው።

"ከሄድሽ ማን ያለብሰኛል?" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"እልክልሻለሁ እኮ፣ እማ። የምታለብስሽ ሠራተኛ እንቀጥራለን።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ስድስት ተኩል ጸንቷል። ሆስፒታሉም ወሩ ሲያልቅ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

ሶይቢ አላለቀሰችም። የሥራ ልብሷን አጥባ አሰጣችና ገበታ ቀረበች። ወይዘሮ ዳቦታ ሩዝ አቅርበው ትልቁን የዓሣ ቁራጭ ለእሷ አወጡላት።

"ለዎኮማ የእጁን ይስጠው" አሉ ፓፓ ኢዮዋሪ፣ ለማስተዛዘን መጥተው። "እኔ ግን ይበልጥ የገረመኝ ያኛው፣ ድጋሚ ያረመው ነው። እንዲህ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ እየሰማ እንዴት ዝም ይላል?"

"ዎኮማንስ ተወው፤ የሚጠላበት ምክንያት አለው" አለች ሶይቢ። ድምጿ ውስጥ ንዴትም አልነበረም። "ያ ሰው ግን አያውቀኝም። ምንም አላደረግኩትም።"

"ብዪ፣ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ" አሉ እናቷ።

በላች። ከዚያ ሰሃኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ፓፓ ኢዮዋሪም ደህና ዋሉ ብለው ወጡ።

ወይዘሮ ዳቦታ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደው በሩን ዘጉና ማዳመጫቸውን አደረጉ፤ እንዲያርሙት በቁጥር ብቻ የተላከላቸውን፣ መመለስ ሲገባቸው ሳይመልሱ ስድስት ተኩሉን ያጸደቁበትን የልጃቸውን ድምፅ፣ "ከዚያ ቤት ከመውጣት በቀር" እስከሚለው ድረስ እንደገና ሰምተው አጠፉት።