ቀዩን የተወው ሰዓሊ

ይህን ያጫወተችኝ የሰዓሊው ሚስት ታናሽ እህት ናት፤ እሷ ከእህቷ አፍ ሰማች፣ እኔ ከእሷ።

ሰዓሊው ድሮ የሚሥለው በሱቅ ቀለም ነበር። ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ከሥር ቢጫ አፈር ወጣና ልቡን ወሰደው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሱቅ ቀለም አልነካም። ቢጫው ሲሰለቸው ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ቀይ አገኘ። ወቅጦ፣ ነፍቶ፣ በሙጫ ይለውሰዋል። ከመለወሱ በፊት ግን በምላሱ ይቀምሳል። ጥርስ ላይ ከተንቋቋ ይደፋዋል፤ እንደ ቅቤ ከቀለጠ ቀለም ነው።

ሚስቱ ስትናደድ «አፈር ብላ!» ትለዋለች።

«እየበላሁ አይደል እንዴ፣ እመቤቴ?» ይላታል። ለመዳር የደረሰች አንድ ልጃቸው በሳቅ ትፈርሳለች።

ዘንድሮ ቀዩንም ተወው። ከወንዝ ዳር ነጭ አፈር እያመጣ ሸራውን ሁሉ በነጭ ላይ ነጭ አደረገው። ወደ ጡብ ማምረቻው መሄዱን ግን አልተወም። እዚያ ደግሞ ባሏን የፈታች ጡብ ሻጭ አለች፤ ሳቋ መንገደኛ የሚያስቆም።

«ቀዩ ለምንህ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ለሥራ።»

«ለየትኛው ሥራ? ሸራህ ከፈን መስሏል!»

«ተይኝ እስቲ። ቃል የገባሁለት ሰው አለ።»

ቃል! የጎረቤት ልጅ ሳታገባ ብታረግዝ «የኔ ብትሆን ከቤቴ አሽቀንጥሬ በጣልኳት» እያለች ሰፈር ያዳረሰች ሴት፣ አሁን ራሷ የሰፈር መሳቂያ ልትሆን?

የቀዩን አፈር ጣሳ መጠበቅ ጀመረች። ሞልቶ ያመጣዋል፣ ይጎድላል፣ ሸራው ላይ ግን የቀይ ጠብታ የለም። ደጋግሞ መሄጃ ሰበብ እንዲሆነው እየደፋው ነው አለች። አንድ ቀን ደግሞ ጠጠሩን እንደ ምስር ሲለቅም አየችው፤ ለቀለም እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም።

ልጅቷን ጠየቀቻት። «አንቺ እኮ ከመሥሪያ ክፍሉ አትጠፊም። አፈሩን የት ነው የሚያደርሰው?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ ፊቷን አዙራ። ምሳዋን ሳትነካ ተነሣች። ሰሞኑን የወጥ ሽታ ጠልታለች።

«ወግኚለት! የአባትሽ ልጅ!»

ሰዓሊው ነጭ አፈር ሊያመጣ ወንዝ ሲወርድ፣ ሚስትየው መሥሪያ ክፍሉ ገባች። የአይጥ መርዝ ከቀዩ ጋር አዋህዳ ጣሳውን መልሳ ከደነችው።

«በል ቅመስ እንግዲህ» አለች።

ሲመለስ ምሳ አቀረበችለት። እንዲያውም ጨመረችለት። በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ አመስግኗት ወደ ሥራው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከመሥሪያ ክፍሉ በኩል አንድ ነገር ዘጭ ሲል ሰማች።

ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች።

ሚስትየው ታስራለች፤ ስንቅ የምታመላልስላት እህቷ ናት። ጡብ ሻጯ ዛሬም ጡቧን ትሸጣለች፤ ሰዓሊውን ከሌላው ደንበኛ ለይታም አታውቀውም። ሰዓሊው ከዚያ ወዲህ አልሣለም።

ጥርሷ በቀዩ አፈር እንደቀላ፣ ልጅቷ ከነጽንሷ ተቀበረች።